ልጅቷ ትቆይ

ልጅ ስለ ራሱ የሚወራውን በጆሮው ሰምቶ፣ ግን ስለ ሌላ የተወራ ከመሰለው፣ ሰማ ይባላል ወይስ አልሰማም? ይህን ጥያቄ ከትናንት ወዲያ ጀምሬ ሳብሰለስለው ነው የሰነበትኩት። ልጄ ቤት ሄጄ፣ ሻይ እየጠጣን፣ ትንሿ የልጅ ልጄ ትምህርት እስኪዘጋ እኔ ዘንድ ብትሆን ምን ይመስልሻል ብዬ ሳማክራት፣ ለካ ትንሿ ጠረጴዛው ሥር ተጋድማ ሥዕል ትቀባለች። እግሯ ወጥቶ አየሁት። ካልሲ የለውም። ወለሉ ደግሞ ሲሚንቶ ነው። እንግዲህ በየትኛው ልጨነቅ? በሰማችው ነገር ወይስ በእግሯ?

«እማዬ ደግሞ! ቀለም ከያዘች ቤቱ ቢቃጠል አታውቅም» ብላ ልጄ ሳቀችብኝ።

እኔ ግን ልጅ ምን ያህል እንደሚሰማ አውቃለሁ። ምን ያህል አጣምሞ እንደሚሰማም አውቃለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር።

አባቴ ፈረስ ገሪ ነበር። ቤታችንና ጋጣው የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ ፈረስ ጎኑን ሲያክ የእናቴ ሳህኖች መደርደሪያው ላይ ይንቀጫቀጩ ነበር። ድርቆሽ የማይገባበት ቦታ አልነበረም፤ አልጋ ውስጥ፣ ጆሮ ውስጥ፣ ወጥ ውስጥ። እናቴ ከሾርባዋ ላይ አንዲት የሣር ሰበዝ በሁለት ጣቷ ታነሳና አባቴን ታየዋለች። አባቴ «እኔ ምን ላድርግ፣ ተከትሎኝ ነው የመጣው» ይላል።

አባቴ ሁለት የማይሻሩ ደንቦች ነበሩት። አንደኛው፣ ያልተገራ ፈረስ በስም አይጠራም። ወንድ ከሆነ «ልጁ»፣ ሴት ከሆነች «ልጅቷ» ነው፤ በቃ። ኮርቻ ተቀብላ ጸጥ ብላ የቆመች ቀን አባቴ ወደ ቤት ይመጣና ስሟን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰው ሁሉ በዚያ ይጠራታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ጠባይዋን ሳላውቅ ምን ብዬ ልጥራት?» ይለኝ ነበር።

ሁለተኛው ደንብ ምስጋና ነው። አባቴ ለፈረስ ስኳር አያጎርስም። የጠየቃትን ነገር፣ አንዲት እርምጃም ብትሆን፣ ስታደርግለት የያዘውን ገመድ ያላላላታል። ይህችን ማላላት ነበር «ማመስገን» የሚላት። እኔ ገመድ ይዤ ስቆም ከአጥሩ ማዶ ሆኖ፣ «ፌንጣ! አመስግኛት! ምን ታንቂያታለሽ፣ አመስግኛት እንጂ!» ብሎ ሲጮህ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየን ነበር። ስለዚህ እኔ ማመስገን የሚባለው ነገር በአፍ ሳይሆን በእጅ የሚደረግ ነገር መስሎኝ ነው ያደግሁት።

ፌንጣ እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም። ቀጥ ብዬ መሄድ ስለማላውቅ፣ እየዘለልኩ ስለሆነ ከቦታ ቦታ የምደርሰው፣ ፌንጣ ተባልኩ፤ ፌንጣ ሆኜ ቀረሁ። እንግዲህ «ልጅቷ» ሲባል እኔ ልሆን እንደምችል ከየት ይምጣልኝ?

በዚያ ዓመት በግቢያችን የነበረችው «ልጅቷ» መልኳ ዳማ፣ ቀይ ቡናማ ነበረች፤ ገና ሦስት ዓመቷ። ሌሎቹ ፈረሶች የሰው ናቸው፤ ተገርተው ይሄዳሉ። እሷ ግን የራሳችን ነበረች፤ የአሮጊቷ ባዝራችን የመጨረሻ ልጅ። የውርንጭላነቷን ጊዜ ሁሉ አብሬያት ነው የሮጥኩት። እናቴ አባቴን «ሁለቱንም አንድ ላይ እሰራቸው፣ እንደዚያ ነው ቤት የሚጸዳው» ትለው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እናቴ የታጠበ ልብስ የሞላ ሳፋ ይዛ በጋጣው በር ስታልፍ ነፋስ አንሶላውን ብድግ አደረገው። ልጅቷ በረገገች። በሩን በደረቷ ገጨችው፣ በሩ ደግሞ እናቴን ገጫት። እናቴ በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች። ሐኪም ቤት ወስደው ጀሶ አሰሩላት፤ ስድስት ሳምንት አይነካም ተባለ። ታናሽ ወንድሜ ገና የሚድህ ነበር፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚልክበት ዕድሜ። አባቴ ከጋጣ ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ ጋጣ ይሮጣል፤ በአንድ እጁ ጭልፋ በአንድ እጁ ልጓም ይዞ ያየሁት ቀን ነበር። በዚያው ሳምንት የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ከከተማ መጣች።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። መርፌ ደረቷ ላይ ሰክታ ስለምትመጣ ስታቅፈኝ ትንፋሼን እይዝ ነበር። እጇ ብርቱ ነው። አገጬን ጨብጣ ፊቴን በመሐረብ ስትጠርገው ቆዳዬ አብሮ የሚወጣ ይመስለኛል። ልጅ አልነበራትም። ይህን ያኔ እንደ ቁምነገር አልቆጠርኩትም፤ ድመት እንደሌላት ያህል ነው የማየው።

በሁለተኛው ቀን፣ እኔ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ቁጢጥ ብዬ የፈረስ ብሩሾች ሳጥብ፣ ከላይ ድምፃቸው መጣ።

«ልጅቷን ስጡኝ» አለች አክስቴ።

እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ።

«እትዬ ደግሞ» አለች እናቴ።

«ምን እትዬ? እይው እስቲ እጅሽን። እኔ ቤት ሰፊ ነው፤ ግቢው ባዶ ነው፤ ብትሮጥ ብትፈነጭ ማን ይከለክላታል? ፀጉሯን እኔው ራሴ ነኝ የማበጥርላት። ጥርሷንም የሚያይ ሐኪም በሁለት እርምጃ ነው።»

ጥርስ! አባቴ ፈረስ ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው ጥርስ ነው። ነገሩ ገባኝ።

«ደግሞ ጎበዝ ጎበዝ አስተማሪዎች ናቸው ያሉት» ብላ ቀጠለች። «እዚህ ምን ትማራለች?»

ይህች እንኳ አንገበገበችኝ። ከአባቴ የበለጠ አስተማሪ በየት አገር ነው ያለው?

«ክፋት የለውም፣ እትዬ፣ ለርስዎ ማንም አይሳሳም» አለች እናቴ በቀስታ። «ግን ከለመደችው ቤት ስትወጣ ትበረግግብዎታለች። ምግብም እንቢ ትላለች። ደግሞ አባቷ…»

አባቴ የፈረሱ ሁሉ አባት ነኝ ይል ስለነበር እዚህም ላይ የሚያጠራጥረኝ ነገር አልነበረም።

ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ እሱም እዚያው ነበር ለካ። «እስቲ እናስብበት፣ እትዬ። የሚቀጥለው ሳይሆን የዚያኛው እሑድ ነይ። ያኔ እንነግርሻለን።»

አሁን እናንተን እንደኔ በዚያ መስኮት ሥር አስቀምጬ ላንገላታችሁ አልፈልግም። ልጅቷ እኔ ነበርኩ። ግቢ ውስጥ የምትሮጠውም፣ ፀጉሯ የሚበጠረውም፣ ሁለት ጥርስ የተበላሸባትም እኔ። አክስቴ እኔን ወስዳ ልታሳድገኝ፣ ልታስተምረኝ ነበር የመጣችው። እናቴና አባቴም፣ እጅ ተሰብሮ፣ ሕፃን እየዳኸ፣ እውነትም ይሻላት ይሆን እያሉ ልባቸው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። እኔ ግን ብሩሼን ታቅፌ ለፈረስ አለቀስኩ።

አለቀስኩና አሰብኩ። ልጅቷ የምትሰጠው የእናቴን እጅ ስለሰበረች ነው። እንግዲያው እናቴ እጇ መሰበሩን ከረሳችው፣ ልጅቷን ማን ይሰጣታል? እናቴ ደግሞ እጇን የምታስታውሰው ሥራ ስትሠራ ነው። ሥራውን እኔ ከወሰድኩባት አለቀ። በስምንት ዓመት ጭንቅላት እንዲህ የመሰለ የጠራ ሐሳብ መጥቶልኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህም አልመጣልኝም።

በማግስቱ ጀመርኩ። ውኃ በግማሽ ባልዲ እየቀዳሁ አመላለስኩ፤ ግማሹ እግሬ ላይ ያልቃል፣ ሩቡ ቤት ይደርሳል። ድንች ላጥኩ። አባቴ አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን አደረገውና፣ «ፌንጣዬ፣ የሚበላው የቱ ነው? ልጣጩ ነው ወይስ ይቺ?» አለኝ። አንድ ሳህን ሰበርኩ፤ ስብርባሪውን ገብስ ማስቀመጫው ኋላ ደበቅሁት። የወንድሜን የሽንት ጨርቅ አጠብኩ፤ እሱ በተራው እያየኝ ሌላ አዘጋጀልኝ። ወለል ስጠርግ ድርቆሹን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ነበር የማዛውረው፤ ግን ጠራረግሁ።

አንሶላ የጨመቅንበት ቀን አይረሳኝም። እናቴ አንዱን ጫፍ በግራ እጇ ይዛ፣ እኔ ሌላውን በሁለት እጄ ይዤ፣ እኔ ወደዚህ እሷ ወደዚያ ጠመዘዝን። ውኃው ዠው ብሎ ወረደ። እናቴ ትንሽ አየችኝና፣ «አመሰግናለሁ፣ የኔ እናት» አለችኝ።

እኔ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ምን ሆንሽ?» አለች።

«አላላሽውማ» አልኳት።

እናቴ ሳቀች፤ ጫፉን ለቀቅ አደረገችው፤ አንሶላው ተፍታታ። ከዚያ ፊቷን ወደ ገመዱ አዙራ ቶሎ ቶሎ ታሰጣ ጀመር፤ ባንድ እጅ፣ መቆንጠጫውን በጥርሷ ይዛ። ለምን እንዳዞረች አላወቅሁም፤ ፀሐይ መስሎኝ ነበር።

ይህንን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ፣ እዚያው ግቢ፣ አንሶላ ስንጨምቅ። «እኔ እኮ» አለችኝ፣ «ሁሉን ነገር የሰማሽ መስሎኝ ነበር። እንዳንሰጥሽ ብለሽ ነው እንደዚያ የምትለፊው ብዬ፣ እያንዳንዷን ማንኪያ ስታጥቢ እኔ ነበርኩ የምታጠበው።» ስምንት ቀን ሙሉ እኔ ስለ ፈረሷ ስለፋ፣ እሷ ስለ እኔ ስትቃጠል፣ አንዳችን ለአንዳችን አንድ ቃል አልተነፈስንም። ቤት ውስጥ ያለ ሰው እንደዚህ ነው የሚተዋወቀው? ብቻ እግዜር ይመስገን፣ አባቴ ገብስ ሊሰጥ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ነበር። እኔ ጋጣ ውስጥ የልጅቷን ጋማ እያበጠርኩ አወራታለሁ። ወሬዬን ከእኔ ይልቅ አባቴ ነው ያስታወሰው፤ እስኪሞት ድረስ ድምፄን እያስመሰለ ይደግመው ነበር።

«አይዞሽ» አልኳት። «እማዬ እጇን እስክትረሳው ድረስ ሁሉንም እኔ እሠራዋለሁ። አንቺ ብቻ አትበርግጊ። አክስቴ ጋ ብትሄጂ በዚያ በጥቁሩ ማበጠሪያ ነው የምታበጥርሽ፤ ይነጫል፤ እኔ አውቀዋለሁ። ጥርስሽንም ይጎረጉሩልሻል። አልሰጥም። አባዬን ከለመንኩት እንቢ አይለኝም፤ አንቺን አልሰጥም።»

አባቴ በግድግዳው ማዶ የገብሱን ባልዲ ይዞ ቆሞ ነበር። ባልዲውን አስቀመጠ። ወደ ቤት ገባ፤ እናቴን ፈልጎ አገኛት፤ ሊነግራት ሲጀምር ሳቅ ያዘው፤ ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነበት። እናቴ እንደምትለው ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «ፈረስ እንኳ ለሰው አልሰጥም ካለች፣ እኔ እሷን የምሰጠው በየትኛው ሆዴ ነው?»

ልብ በሉ፣ ያስቀሩኝ ስለ ሠራሁ አይደለም። እናቴ ይህን ደጋግማ ነግራኛለች፤ ሳልጠይቃትም ትነግረኝ ነበር፤ እሷም እንደኔ ጭንቀታም ነበረች። «ሳህን ሰባሪ ሠራተኛ ማን ይፈልጋል?» ትለኝ ነበር። ስብርባሪውን በማግስቱ ነው ያገኘችው።

እሑድ ደረሰ። እኔ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ አባቴን እጁን ይዤ ጎተትኩት። አክስቴ ከመምጣቷ በፊት ልጅቷ ኮርቻ መቀበል አለባት። የተገራች ልጅ፣ ስም ያላት ልጅ ማን ይሰጣል? አባቴ ያን ሁሉ ውስጥ ውስጡን እንደሚያውቅ አላውቅም ነበር። በጣም ኮስተር ብሎ፣ «እሺ፣ ገመዱን ግን አንቺ ነሽ የምትይዢው» አለኝ።

ዛሬ የልጅ ልጄ እንደዚያ ካለች ፈረስ ፊት ገመድ ይዛ ብትቆም እኔ እዚያው እወድቃለሁ። እናቴ ግን በሩ ላይ ቆማ፣ ወንድሜን በግራ ክንዷ ታቅፋ፣ ጀሶዋን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ታየን ነበር።

አባቴ መጀመሪያ ግላሱን፣ ከኮርቻ ሥር የሚነጠፈውን ጨርቅ፣ አስሸተታት። ከዚያ ጀርባዋ ላይ አኖረው። ቆዳዋ እንደ ውኃ ተርገበገበ፤ ቆመች። ኮርቻውን አነሳ፤ ቆዳው ሲንቋቋ ጆሮዋ ወደ ኋላ ሄደ። የዓይኗ ነጩ ታየኝ። እኔ ፈራሁ፤ እጄ በራሱ ጊዜ ገመዱን ጨበጠ፤ ባጠበቅሁት ቁጥር እሷም አንገቷን ታጠብቃለች። ሁለታችንም አንድ ገመድ ላይ ተንቀጠቀጥን።

አባቴ አልጮኸም። ከዚያ ቀን በፊት ሁልጊዜ ይጮህ ነበር። «ፌንጣ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አመስግኛት።»

ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታሁ። ገመዱ ረግቦ ወደ መሬት ወረደ። ልጅቷ እንደዚያው ልትሄድ ትችል ነበር፤ በሩ ክፍት ነው። አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ በአፍንጫዋ ፉርር ብላ ፊቴን በምራቅ አረጠበችው፤ ኮርቻዋን እንደተሸከመች ቆመች።

አክስቴ የደረሰችው ያኔ ነው። አዲስ ቦርሳ ይዛለች፤ ቡናማ፣ መዝጊያው የሚያበራ። የኮርቻና የልጓም ዕቃ መያዣ መስሎኝ በጠላት ዓይን አየሁት። አባቴ እጁን በሱሪው ጠርጎ አስገባት። እኔ ልጅቷን አሥሬ ስሮጥ በሩ ጋ ደረስኩ፤ ደፉ ላይ ቆምኩ። አክስቴ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ቦርሳው ጉልበቷ ላይ። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። አባቴ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«እትዬ፣ ትቆይ።»

ዘለልኩ። ምን ያህል እንደዘለልኩ የበሩ መቃን ያውቃል። «ትቆይ!» ብዬ ጮህኩ። «ስሟ ትቆይ! እማዬ፣ ስም ወጣላት፣ ትቆይ ተባለች!»

አክስቴ ከአባቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አባቴ አየች።

«ማናት ትቆይ?» አለች።

«ልጅቷ ናታ!» አልኳት። «ኮርቻ ተቀብላ ቆማለች። እንግዲህ ስም ካላት አትሰጥም።»

እናቴ በጀሶዋ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች እሷም ያወቀች አይመስለኝም። አባቴ ጣሪያውን ያያል። አክስቴ ብቻ ነበረች እኔን የምታየኝ። ቀስ በቀስ ነገሩ ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁ፤ እኔ ግን የገባት ስለ ፈረሷ መሰለኝ።

ፈረሷ አሥራ ሰባት ዓመት ትቆይ ተብላ ኖረች፤ ስሟ እንደዚያ የወጣው በስሕተት ነው ብሎ ያረመኝ አልነበረም። አባቴ የመረጠላት ሌላ ስም ነበረው፤ ምን እንደነበር እስከ መጨረሻው አልነገረኝም። «የወጣላት ይበቃታል» ብሎ ነው ያለፈው።

ዛሬ ጠዋት ለልጄ ደወልኩላት። «ያንን ያልኩሽን ነገር ተዪው። እዚያው ከናንተ ጋር ትሁን» አልኳት። «ምነው እማዬ፣ ተቀየምሽ እንዴ?» አለችኝ። አልተቀየምኩም አልኳት፤ እውነቴን ነው። ካልሲዋን ግን አድርጊላት አልኳት። ሁለት ጊዜ አልኳት። ከዚያ ስልኩን እጄ ላይ ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ፤ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ ደስ የሚል ጸጥታ፤ አክስቴን ነበር የማስበው።

ያን እሑድ፣ ነገሩ ሲገባት፣ አክስቴ ተነስታ ወደ እኔ መጣች። እንደ ልማዷ አገጬን ጨበጠች፤ መሐረቧን አውጥታ ትቆይ ያረጠበችውን ፊቴን ጠረገችው፤ ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው፣ ግንባሬን፣ የአፍንጫዬን ሥር። ሌላ የሚጠረግ ነገር አልቀረም፤ እጇ ግን አገጬ ላይ ነበር። ከዚያ ጣቶቿ ላሉ። አንድ በአንድ።

ተመልሳ ቦርሳውን ከፈተች። ጥንድ አዲስ ጫማ አውጥታ ወንበሩ ሥር አስቀመጠችው፤ ቀይ፣ ማሰሪያ ያለው፣ በእኔ እግር ልክ። እኔ አየሁትና ግራ ገባኝ፤ ለትቆይ ከሆነ አራት ያስፈልጋት ነበር። አክስቴ ቦርሳውን ዘጋች፤ ሲመጣ ከነበረው ይልቅ ቀልሎላት ነበርና በጣቷ ጫፍ አንጠለጠለችው፤ የእናቴን ጀሶ በመዳፏ ነካ አደረገችው፤ በእኔና በበሩ መቃን መካከል አልፋ ወጥታ ሄደች።